ፎቅ ላይ የሚሄደው እግር

«ፎቅ ላይ የሚሄደው ማነው? የአንቺ ዓይን ያያል፣ እስቲ ወጥተሽ እይልኝ።»

እማማ የሺ ይሄን ሲሉኝ አስረኛ ክፍል ጨርሼ ክረምቱን ሐዋሳ ቤት ተቀምጬ ነበር። ሰሞኑን ከዩኒቨርሲቲ ተመርቄ ስመለስ፣ ሻንጣዬን እንኳን ሳላወርድ፣ እናቴ «ጋሽ ደምሴ አረፉ። እማማ የሺ ያለ ጠባቂ ብቻቸውን ቀሩ፣ ሄደሽ እግዜር ያጽናዎ በያቸው» አለችኝ። እግሬ ከበደኝ። ለምን እንደከበደኝ እናቴ አታውቅም።

ቤታቸው ሐይቁ ዳር ያለ ትልቅ የድንጋይ ፎቅ ነው፣ አባታቸው በንጉሡ ጊዜ ባለርስት ሆነው ያሠሩት። እኔ ስደርስበት ግማሹ መስኮት በጣውላ ታሽጓል፤ ጣሪያው ላይ አባ ኮዳ የሚባሉት ትልልቅ ወፎች አንገታቸውን ቀብረው ይውላሉ። ውስጡ እርጥብ ድንጋይና የአሳ ሾርባ ይሸታል። ያን ክረምት፣ የእማማ ዓይን ስለደከመ ዳዊት አንብቢላቸው ብላ እናቴ ትልከኝ ነበር። ወድጄ አልነበረም የምሄደው።

አመሻሽ ላይ ዝናቡ ሲያባራ ከራሳችን በላይ ይጀምራል። ከባድ ጫማ፣ ከመስኮት እስከ በር፣ ከበር እስከ መስኮት። እማማ እጃቸውን ያነሳሉ፣ ማንበቤን አቆማለሁ።

«ወንድሜ ይመስለኛል» አሉኝ አንድ ቀን። «በደርግ ጊዜ ወስደውት ነበር። ፈርቶ ነው የማይወርደው።»

ደርግ ሲወድቅ እኔ ገና አልተወለድኩም። ግን እንደዛ ፊታቸው በርቶ ሲያወሩ ማን ይከራከራቸዋል? እይልኝ ሲሉኝ ወጣሁ። ደረጃው በረገጥኩት ቁጥር ይንቋቋል። ልክ በሩ ጋ ስደርስ እግሩ ቀጥ አለ። በሩን ገፋሁት።

ጋሽ ደምሴ ናቸው፣ የግቢው ጠባቂ፣ ከልጅነታቸው እዛው ቤት ያደጉ። የራሳቸውን ሸራ ጫማ ግድግዳው ጥግ አስቀምጠው የሌላ ሰው ጥቁር ቆዳ ጫማ አድርገዋል።

«ምን እያደረጉ ነው ጋሼ?»

«ቀስ በይ፣ ይሰማሉ።» በሩን ዘጉት። «ወንድማቸውን እንደወሰዱት ነው የገደሉት። ሬሳውን በዓይኔ አይቻለሁ። ያኔ ለእንደዛ ያለ ሰው ማልቀስ ክልክል ነበር፤ መርዶ ብነግራቸው ይጮሃሉ፣ እሳቸውንም ይወስዷቸዋል ብዬ ዋጥኩት።»

«ደርግ ከወደቀ በኋላስ?»

«ያኔማ ወንድሜ ሳይመጣ እህል አልቀምስም ብለው ሊሞቱ ደርሰው ነበር። አንድ ቀን ይሄን ክፍል ልጠርግ ስወጣ የእኔን እግር ሰምተው ‹መጣ› አሉ። እህል ቀመሱ። ከዛ እንዴት ላቁም?»

«ታዲያ እኔ ልንገራቸዋ።»

«አንቺ ደግሞ። መርዶ ማለዳ ነው፣ ሽማግሌ ይዞ፣ ጎረቤት ከቦ። የልጅ አፍ መርዶ አይናገርም። ዝም በይ።»

ስወርድ እማማ «ማነው?» አሉ። ዳዊቱን ገልጬ ካቆምኩበት ቀጠልኩ። ደግመው አልጠየቁኝም።

እርሙን ያላወጣ ሰው ያሳዝናል። ቢበላም፣ ቢስቅም፣ ጆሮው በር ላይ ነው። ዩኒቨርሲቲ እያለሁ ከበላያችን ፎቅ ሰው በተራመደ ቁጥር እሳቸው ትዝ ይሉኝ ነበር።

ትናንት ከሰዓት በኋላ ሄድኩ። ሁለት የጎረቤት ሴቶች አብረዋቸው ተቀምጠዋል። እማማ በድምፄ አወቁኝ፣ እጄን ያዙ።

«ደምሴን ቀብረን ከተመለስን ጀምሮ ፎቁ ጭጭ አለ» አሉኝ። «ወንድሜ ለደምሴ ቀብር እንኳን አልወረደም። እኔንም ጥሎኝ ሄደ። ምን አስቀይሜው ነው ልጄ?»

ሽማግሌ ልፈልግ? ማለዳ እስኪሆን ልጠብቅ? እስከዛ ወንድሜ ጠላኝ ብለው ሊያድሩ ነው። እውነቱን የሚያውቅ ደግሞ ከእኔ ሌላ አልቀረም።

«አልተቀየመዎትም እማማ» አልኩ፣ ሴቶቹም እንዲሰሙ ጮክ ብዬ። «ያኔ እንደወሰዱት ሞቷል። ፎቅ ላይ የሚሄዱት ጋሽ ደምሴ ነበሩ።»