ብርሃን የተከለከለ እጅ

ወረታ መገንጠያው ላይ ፖሊሶች ከባጃጅ ያወረዱኝ ስለ ጦርነቱ በጻፍሁት ነገር ነው። ጣጣውን ያባሰው ግን ቦርሳዬ ውስጥ የተገኘው ትንሽ ጠርሙስ ነበር። ለምርምሬ ከሩዝ ገለፈት ያወጣሁትን ጥቁር ዱቄት ይዟል፤ በአልሙኒየም ወረቀት ጠቅልየዋለሁ።

«ለምን ጠቀለልኸው?» አለ መርማሪው።

«ብርሃን እንዳይነካው።»

«ቢነካውስ?»

ዲኤንኤ ብለው አይገባውም ብዬ አማርኛ ፈለግሁለት። «ዘር ይበጥሳል» አልሁ።

በዚያ ሰሞን «ዘር» እንዲህ እንደዋዛ የሚጣል ቃል አልነበረም። መርማሪው ዱቄቱን መዳፌ ላይ ገለበጠው። ዘበኛው የእስር ክፍሉን በር ከፍቶ «ዘር አጥፊ መጣላችሁ፤ እጁን ብርሃን እንዳይነካው» ብሎ አስገባኝ።

ክፍሉ የድሮ እህል መጋዘን ነው፤ ወለሉ እርጥብ፣ ሽታው የጆንያና የሽንት። በአንዲት ቀዳዳ የምትገባ ፀሐይ ነበረች፤ እስረኞቹ በየተራ ይቀመጡባታል። ተራዬ ሲደርስ አንዱ «እሱን ፀሐይ እንዳታስነኩት፣ ይነሣበታል» አለ። ያልሁት ራሴ ነኝ፤ ምን ብዬ ልከራከር? እጄን ብብቴ ውስጥ ከተትሁ። ሰው እንደ መርዝ ሲሸሸኝ የመጀመሪያዬ ነበር፤ በጣም አፈርሁ።

ከቁሐር ሚካኤል የመጡ አንድ ሽማግሌ ገበሬ ጠጋ አሉኝ። «የሩዛችንን ዘር ነው የሚያጠፋ ወይስ የእኛን?»

«እንደዚያ አይደለም፣ አባቴ። ሰው ገላ ውስጥ መልክና ቁመና የሚያወርስ ቀጭን ክር አለ። ዱቄቱ በጨለማ ዝም ይላል። ብርሃን ሲያገኝ አጠገቡ ያለውን አየር ያስቆጣና ክሩን ያስበጥሰዋል። የነቀርሳ እብጠት ላይ አድርገን፣ እዚያው ላይ ብቻ አብርተን ነቀርሳውን ልንገድልበት ነው የምንሞክር።»

«ጤነኛ ገላ ቢያገኝስ?»

ቀና ብዬ ላያቸው አልቻልሁም። «እሱንም ይጎዳል» አልሁ።

ሽማግሌው የቀን ድርሻቸውን ውኃ የያዘችውን ሃይላንድ አነሡ። «መዳፍህን ዘርጋ።»

«ይተዉ፣ ምን ሊጠጡ ነው?»

«አርፈህ ታጠብ።»

ጥቁሩ ውኃ በወለሉ ስንጥቅ ገባ። አንጓዬን ይዘው ፀሐይዋ ላይ አስቀመጡኝና እጃቸውን ከእጄ ጎን ዘረጉ። «እኔ እንደሁ ዘርቼ ጨርሻለሁ» አሉ። ያ የከለከለኝ ሰው ሳቀ፤ ቆይቶ እሱም ከጎናችን ተቀመጠ።

ከተፈታሁ ወዲህም ገለፈት ፍለጋ ወረታ እወርዳለሁ። የሩዝ መፈልፈያው ሰዎች ምን እንደምሠራበት ሲጠይቁኝ ቁጭ ብዬ አስረዳለሁ እንጂ በአጭሩ አልመልስም። ሽማግሌውን እጄን ባጠቡኝ ማግስት ወደ ሌላ ቦታ ወሰዷቸው። ያን ቀን ምን ጠጥተው እንደዋሉ አልጠየቅኋቸውም።