የኔታ፣ እኔና ጥቁሩ ስክሪን

ከደብረ ታቦር እስከ ጉና ጫፍ፣ ኢሜይል የሚባለውን ነገር እንደ እኔ የሚያውቅ ሰው አልተወለደም። ይህን የምለው እኔ አይደለሁም፤ ሰው ነው። ለሰው የነገርኩት ግን እኔ ነኝ።

የመሥሪያ ቤታችን ሰርቨር ዩኒክስ በሚባል ሥርዓት የሚሠራ፣ ከእኔ ጋር አብሮ የሚያረጅ ማሽን ነው። ኢሜይሉ ሥዕል የለው፣ ማውስ አይሰማ፤ ጥቁር ስክሪን ላይ ነጭ ፊደል ብቻ። ኔትወርኩ ደክሞ የሌላው ሰው ኢሜይል አልከፈት ሲል ይኸኛው ቀስ እያለ ይከፈታል። መኪና ያቃተውን ዳገት እንደሚወጣ በቅሎ ማለት ነው። እኔ ጥቁሩን ከፍቼ ስቀመጥ አለቆች ሳይቀሩ ድምፃቸውን ዝቅ አድርገው ያልፋሉ።

ታዲያ አንድ ቀን ማኅበር ላይ፣ ጠላው ከፍ ከፍ ሲያደርገኝ፣ "ከእኔ እጅ የወጣ ደብዳቤ ዓይን ተጨፍኖ ሳይገለጥ ይደርሳል" አልኩ። የኔታ ሰሙኝ። ልጅ ሳለሁ ፊደል ያስቆጠሩኝ መምህሬ ናቸው፤ ዛሬ ሁለቱንም ዓይናቸውን ሞራ ሸፍኖታል። የእሳቸው ስልክ በጉና ጥግ ኔትወርክ አይዝም፤ ስለዚህ ለሚታከሙበት የዓይን ሐኪም ቤት የእኔን ኢሜይል ሰጡ።

መልሱ መጣ። ለቀዶ ሕክምና ተራ ተይዞላቸዋል፤ ነገር ግን እንደሚመጡ እስከ ዓርብ ቀን ስድስት ሰዓት ድረስ በኢሜይል ካላረጋገጡ ተራው ለሌላ ይሰጣል። ሰው ላክሁባቸው። ዓርብ አራት ሰዓት ላይ ከሚኒባስ ወርደው፣ ጋቢያቸውን እንደተከናነቡ፣ ዱላቸው እየመራቸው ቢሮዬ ገቡ።

"እመጣለሁ ብለን እንላክ፣ የኔታ።"

"መጀመሪያ ሰላምታ!"

"ለሐኪም ቤት አጭር ነው የሚጻፍ።"

"ዓይኔን የሚገልጥልኝን ሰው እንዴት ሰነበቱ ሳልል መጣሁ ልበለው? ከብት ነኝ?"

ጻፍኩ። የሐኪሙን ጤና ጠየቅን፣ ቤተሰቡን ጠየቅን፣ ያገሩን ዝናብ ሳይቀር ጠየቅን። ሲያበቃ "እስቲ አንብብልኝ" አሉ።

እዚህ ላይ ነገር ተበላሸ። በራሳችን ፊደል ነው የጻፍኩት፤ ጥቁሩ ስክሪን ደግሞ የእኛን ፊደል አያውቅም። የነካሁት ሁሉ የጥያቄ ምልክት ሆኖ ተደርድሯል። ከላይ እስከ ታች ጥያቄ፤ ፍርድ ቤት እንኳ እንዲያ አይጠይቅም። እኔ ምን ቸገረኝ፣ ያሉኝን ሁሉ በቃሌ አንበለበልኩት።

ጆሯቸውን አዘንብለው ሰሙና፣ "መልካም። አሁን ከመካከል አንብብ" አሉ።

ላቤ መጣ። ልጅ ሆኜ ሀሁን ከዳር እስከ ዳር በቃሌ አጥንቼ፣ ገበታውን ሳላይ እዘፍነው ነበር። የኔታ መጠቆሚያ ስንደዷቸውን መሀል ያለ አንድ ፊደል ላይ ያደርጉና "ይህስ?" ብለው ያዋርዱኛል። አሁን ስንደዶ የለ፣ ዓይን የለ፤ ያዙኝ።

"ምንድን ነው የሚታይህ?"

"የጥያቄ ምልክት፣ የኔታ።"

"ስንቱ?"

"ሁሉም።"

"ለእኔ ጉም ነው የሚታየኝ። እንግዲህ ማን ማንን ይምራ? ሰው ጥራ አንተ ልጅ!"

ጸሐፊዋ በግድግዳ ተለይታ እዚያው አጠገቤ አለች። "ማንን ልጥራ፣ እኔ እያለሁ!" አልኩ።

በላቲን ፊደል እንደ አዲስ ጻፍኩት፣ ከነዝናቡ። እንዳይጠፋ መጀመሪያ ኮፒ ላድርገው ብዬ በሌላው ኮምፒውተር እንደለመድኩት ኮንትሮል የሚባለውን ቁልፍ ይዤ ሲ ፊደልን ተጫንኩ። ከታች በእንግሊዝኛ አንድ ነገር ጠየቀኝ። ሳላነበው፣ ለማጥበቅ ያህል ሲን ደገምኩለት። ደብዳቤው ብን አለ። ለካ እዚያ ቤት ያ ቁልፍ ማጥፊያ ነው።

"ሄደ?" አሉ የኔታ።

"ሄደ።"

"ወዴት?"

"እሱን እኔም አላውቅም።"

ቀስ ብለው፣ "ሰላምታውን ተወው" አሉኝ። ከዱላ በላይ የመታኝ ይህ ነው።

እመጣለሁ ብቻ ብዬ ጻፍኩ። አሁን መላክ ቀረ። ከስክሪኑ ግርጌ ትእዛዞች ተደርድረዋል፤ በየፊደሉ ፊት እንደ ጎጆ ክዳን ያለች ምልክት አለች። ኤክስ ፊት ያለችው ላክ ትላለች። ክዳኗን ጻፍኩ፣ ኤክስን ጻፍኩ። ደብዳቤው ውስጥ ገብተው ተቀመጡ። ደገምኩ፣ ሠለስኩ። ደብዳቤው መንደር ሆነ፤ ጎጆው ብዙ፣ ከቤት የሚወጣ ሰው የለም። የኔታ ዳዊታቸውን በቃላቸው ይደግሙ ጀመር።

"ስንት ሰዓት ሆነ?"

"ትንሽ ይቀራል" አልኩ። ስድስት ሰዓት ከሩብ ሆኗል።

ያን ጊዜ ጸሐፊዋን ጠራሁ። መጥታ አየችውና፣ "ጋሼ፣ ይቺ ክዳን ኮንትሮልን ይጫኑ ማለት ናት እኮ" አለች። ጎጆዎቼን አንድ በአንድ አፈረሰች፤ ኮንትሮልና ኤክስ፣ ከዚያ ይላክ ወይ ሲላት አዎ። አለቀ። ዞር ብላ፣ "እስከ ዛሬ በምን ይልኩ ነበር?" አለችኝ። በመስኮት ወደ ውጭ ማየት ጀመርኩ።

ከምሳ በኋላ መልስ መጣ። ተራው ለሌላ ሰው ተሰጥቷል፤ የኔታ ከፋሲካ በኋላ ይሞክሩ። ይህ በእንግሊዝኛ ስለነበር አንድም የጥያቄ ምልክት አልነበረበትም፤ ጥርት ብሎ ተነበበ። ተርጉሜ ነገርኳቸው።

"ይኸኛውን ሳትሳሳት አነበብከው" አሉ። ከዚያ ዱላቸውን ፈልገው፣ "ጾሙን በጉም እጾመዋለሁ፤ ምን ይደረግ" አሉና ትከሻዬን ያዙ።

እስከ ሚኒባሱ መራኋቸው። ጉድጓድ ሲመጣ ጉድጓድ፣ ድንጋይ ሲመጣ ድንጋይ እያልኩ። መንገድ ላይ፣ "ልጅቱ የጠየቀችህን ምን ብለህ መለስክላት?" አሉኝ። ለእሷ ያልነገርኳትን ለእሳቸው ነገርኳቸው። በዚያ ፕሮግራም በዕድሜዬ አንድም ደብዳቤ ልኬ አላውቅም፤ የምከፍተው ሥራ የያዝኩ እንድመስል ነበር።