የሱሪው ዜማ ያሉት ለቅሶ

አከራዬ የሞቱ ሰሞን ፌስቡክ ላይ ሐዘኑን የገለጸ ሁሉ ያንኑ ዜማ ከፎቷቸው ጋር ለጥፎት ነበር። «በፊልሞቻችን ትንፋሻቸውን የሰማነው ዋሽንተኛ አረፉ» ይላል። ከሥሩ ሙስሊም ለሆኑት ሰው የሻማ ሥዕል፣ ከሻማው ሥር ደግሞ በሳቅ የሚያነባ ቢጫ ፊት። ደሜ ፈላ። ስልኬን ግድግዳ ላይ ልፈጠፍጠው አንስቼ፣ በአስተማሪ ደመወዝ ሌላ እንደማልገዛ ትዝ ሲለኝ ተውኩት።

ጭሮ ተመድቤ ስመጣ የተከራየሁት እሳቸው ግቢ ነው። እኔ ጋሼ እላቸዋለሁ፣ ሚስታቸውን እትዬ፤ እነሱ ቲቸር ይሉኛል። ጋሼ አዲስ አበባ ካለ ስቱዲዮ ሲደወልላቸው ዋሽንቶቻቸውን በፎጣ ጠቅልለው በማለዳ አውቶቡስ ይሄዳሉ። ሥራቸው ፊልም ማጀብ ነው፤ ፊልሙን ግን አያዩትም። አቀናባሪው ከመስታወቱ ወዲያ ሆኖ «ጋሼ፣ የገጠር ጠዋት ይስጡን»፣ «አሁን ደግሞ ናፍቆት» ይላል። እሳቸው ይነፋሉ። እሱ ኮምፒውተሩ ውስጥ ያስቀምጥና ለፈለገው ፊልም፣ በፈለገው ጊዜ፣ እንደ አቡጀዲ እየለካ ይቆርጥለታል። የገጠር ጠዋት የሚሉት ነገር ሁሌም ያስገርመኛል። የእኛ አገር ጠዋት ጫት የጫነ አይሱዙ ጡሩምባ ነው። ፊልም ላይ ግን ተዋናዩ ከአዲስ አበባ ወጥቶ አንድ ዛፍ እንዳየ የጋሼ ዋሽንት ይጀምራል። በዚህ አብረን እንስቅ ነበር።

አንዲት ልጅ ነበረቻቸው። መቻራ ከተማ አግብታ፣ ምጥ ጠንቶባት ወደ ጭሮ ሲያመጧት መንገድ ላይ ቀረች። ያንን መንገድ የሚያውቅ ሰው እንዴት ብሎ አይጠይቀኝም። የማያውቅ ባለሥልጣን ካለ ደግሞ ምጥ የያዛትን ሚስቱን ጭኖ ይሞክረው። ለቀስተኛው ሁሉ ከተበተነ በኋላ ጋሼ ጓሮ ተቀምጠው አንድ ዜማ ያወጡ ጀመር። አጀማመሩ ልጅቷ ትንሽ ሳለች ከትምህርት ቤት መጥታ በር ላይ «አባ!» ብላ የምትጣራው ነው። መጀመሪያ አጠር ያለ፣ ቀጥሎ ረዘም ያለ፣ ካልተከፈተላት ደግሞ ወደ ላይ የሚወጣ ልመና። ዜማው ለሰው አልነበረም። እትዬ በርጩማ ስበው አጠገባቸው ይቀመጣሉ፣ ጋሼ ለእሳቸው ብቻ ይጫወታሉ፣ ጎረቤት ብቅ ካለ ዋሽንቱ ይቆማል። እኔ የሰማሁት ግድግዳችን ስስ ስለሆነ ነው።

አንድ ቀን ስቱዲዮ ውስጥ አቀናባሪው የነፉለትን ሐዘን ሁሉ አልወደደውም። «ጋሼ፣ እናት ልጇን የምትቀብርበት ቦታ ነው። እነዚህ ደርቀውብኛል፤ ከአንጀት የሚወጣ ይስጡኝ» አላቸው። እናት ልጇን ስትቀብር ከተባሉ ጋሼ ሌላ ምን አላቸው? ያቺኑ ሰጡ። «ለእናት ለቅሶ ከሆነ ምን አለበት፣ ሌላም እናት ታልቅስበት ብዬ ነው» አሉኝ በኋላ።

እናቲቱ ያለችበት ፊልም ይውጣ አይውጣ አላውቅም። የወጣው ሌላ ነው። ሙሽራው ሊጨፍር ጎንበስ ሲል ሱሪው ከኋላው ይተረተራል፤ ሚዜዎቹ አፋቸውን ይይዛሉ፤ ልክ ያን ጊዜ «አባ!» የምትለዋ ዋሽንት ትገባለች። አገር ሳቀ። ቁራጩ ከስልክ ስልክ ዞረ። አህያ ሲወድቅ ያቺን ይለጥፉበታል፣ በረኛ ኳስ ሲያመልጠው ያቺን። ተማሪዎቼ «የሱሪው ዜማ» ብለው የስልክ መጥሪያ አደረጓት። ክፍል ውስጥ በጮኸች ቁጥር ስልክ እየነጠቅሁ ለዳይሬክተሩ ወሰድኩ፤ የዳይሬክተሩም ስልክ በዚያችው ጮኸ።

ጋሼ አዲስ አበባ ድረስ ሄደው አቀናባሪውን ለመኑት። «ከፊልሙ አውጣልኝ፤ ለሳቅ የሚሆን ሌላ በነፃ እነፋልሃለሁ» አሉት። ያ ምናምንቴ ምን ቢላቸው ጥሩ ነው? «እንኳን ደስ አለዎት እንጂ ጋሼ! ዝነኛ ሆኑ እኮ!» ደግሞ ሳያፍር፣ የሚያስቀው ለቅሶው የእውነት ስለሆነ ነው ብሎ አስረዳቸው። በእንቅርት ላይ ጆሮ ደግፍ፣ ከመጡ አይቀር ብሎ ሁለት ናፍቆት አስነፋቸው። ነፉለት! በእሳቸውም ተናደድኩ። «ዋሽንቱን ሰብረው አይጥሉለትም ነበር?» አልኳቸው።

«ካልተቀየምኩት ያወጣልኛል ብዬ እኮ ነው፣ ቲቸር፣ አትቆጪኝ» አሉኝ።

ከዚያ በኋላ ጭንቀታቸው አንድ ብቻ ሆነ፤ እትዬ እንዳይሰሙ። እትዬ እግራቸውን ስለሚያማቸው ከግቢ እምብዛም አይወጡም፣ ስልካቸውም ተራ ባለቁልፍ ናት። ጋሼ እንግዳ ሲመጣ በር ላይ ጠብቀው «ስልክህን አጥፋልኝ፣ የታመመ ሰው አለ» ይሉ ነበር። ሰው በገዛ ግቢው የገዛ ልጁን ድምፅ እንደ ሌባ እንዳይገባ ሲጠብቅ ማየት አንጀቴን ያሳርረኝ ነበር።

ገለምሶ ያለ ዘመድ ልጁን ሲድር እትዬ ካልሄድኩ አሉ። ሦስታችንም ሚኒባስ ተሳፈርን፤ እትዬ መሃል፣ እኔ በመስኮቱ በኩል። ከጭሮ ብዙም ሳንርቅ ከፊታችን የተቀመጠው የጫት ነጋዴ ስልክ ጮኸ። «አባ!» መኪናው ሙሉ ሳቀ። እትዬ ሻሻቸውን ስበው ፊታቸውን ሸፈኑ። ነጋዴው ዞር ብሎ አያቸውና የሳቁ መሰለው። «እናቴ፣ ወደዱት አይደል? ቆይ ልድገምልዎት» ብሎ ደገመው። ልጮህበት አፌን ከፈትኩ፤ ግን ምን ብዬ? ሰውዬው ምን ያውቃል? ክፋት እንኳ የለበትም። ሊጮህበት የሚገባው አቀናባሪ አዲስ አበባ ወንበሩ ላይ ነው።

እትዬ ሻሻቸውን ገለጥ አድርገው ወደ ባላቸው ዞሩ። «ኢንተለ ቲየ ጉርጉርቴ?» አሉ ቀስ ብለው። ልጄን ሸጥካት? ማለታቸው ነው። ለዚህ ለዚህ የእኔም ኦሮምኛ አላነሰም።

«ለለቅሶ ነው ያሉኝ» አሉ ጋሼ፣ በአማርኛ።

እትዬ ወደ እኔ ዞሩ። «ቲቸር፣ ቦታ ቀይሪኝ» አሉኝ። ተነሣሁላቸው። እስከ ገለምሶ መሃላቸው ተቀምጬ ሄድኩ፤ እትዬ ግንባራቸውን መስኮቱ ላይ አስደግፈው ነበር።

ጋሼ ከዚያ በኋላ ዓመታት ኖረዋል። ያቺን ዜማ ጓሮም ቢሆን ደግመው አልነፏትም፤ በርጩማዋንም እትዬ ወደ ውስጥ አስገቧት። የልጃቸውን ስም ግን ጋሼ አንዳንዴ ይጠሩ ነበር፤ በጠሩ ቁጥር እትዬ ተነሥተው ይወጣሉ። ሊሞቱ ሲሉም ጠሯት። እትዬ ያን ቀንም ወጡ።