ከቆርቆሮዋ የተረፈው ሰም

በድሮ የባሩድ መሣሪያ ብቻ በሚታደንበት ሰሞን፣ አሜሪካ ሚዙሪ ውስጥ ጫካ ጥግ ካለው ሱቄ በረንዳ ላይ አንድ ሽማግሌ ተቀምጠው አሮጌ ስድስት ጎራሽ ሽጉጣቸውን ያጎርሳሉ። ስማቸውን አላውቅም። በየጥይት ጉድጓዱ ባሩዱን ሰፍረው፣ እርሳሱን ጠቅጥቀው፣ እሳቱ ከአንዱ ጉድጓድ ወደ ሌላው እንዳይዘል አፉን በሰምና በሞራ ይደፍናሉ። ሰሙን የሚፍቁት ከአንዲት የሴት ፊት ቅባት ቆርቆሮ ነው። አምና አምስት ጉድጓድ ነበር ያጎረሱት፤ ዘንድሮ ሁለት ብቻ።

«አባባ፣ ሰም ካነሰዎት እኔ ጋ ሞልቷል» አልኳቸው።

«ያንተን ምን ላድርገው? ይሄን ያቀለጠችው፣ ነፍሷን ይማረውና፣ ባለቤቴ ናት» አሉና ክዳኑን ገጠሙ።

አመሻሽ ላይ፣ ምንም ያልቀናው አዳኝ ሁሉ ያጎረሰውን መሬት ላይ ተኩሶ ሽጉጡን ባዶ ያደርጋል። እሳቸው ግን ከመተኮሳቸው በፊት ሰሙን በጥፍራቸው ፍቀው ወደ ቆርቆሮዋ መለሱት።