ሁለቱ ሀርላኖች

ደብሊን በሚባለው የከተማችን ዳርቻ ባለው ቢሮ ሥራ የጀመርኩ ዕለት፣ ቀድሞ ሪከንባከር በሚባል የዕቃ መጋዘን ስሠራ የማደርገውን አፍንጫው ብረት የሆነ ጫማ አድርጌ ነበር የሄድኩት። ሌላ ጫማ አልነበረኝም። ሥራውን ያገኙልኝ ጋሼ ታደሰ እግሬን አዩ። እዚያው አራሚ ነበሩ። ወንበር ሳቡልኝና ስክሪኑ ላይ በእጅ የተጻፈ አሮጌ ወረቀት ከፈቱ።

"ቤዝቦል ታውቂያለሽ?"

"አላውቅም፣ ጋሼ።"

"ጥሩ። የሚያውቁት እየገመቱ ያስገባሉ። አንቺ ያየሽውን ብቻ ጻፊ።"

ሥራችን ከስድሳ ሰባ ዓመት በፊት የተደረጉ የፕሮፌሽናል ቤዝቦል ጨዋታዎችን መዝገብ ወደ ኮምፒውተር ማስገባት ነው። አንድ ወረቀት አንድ ጨዋታ ነው። እያንዳንዱ ተጫዋች የራሱ መስመር አለው፤ ስንት ጊዜ ሊመታ በትር ይዞ እንደቆመ፣ ስንት ጊዜ እንደተሳካለት፣ ስንት ነጥብ እንዳገባ ይጻፍበታል። አንዱን ወረቀት ሁለት መዝጋቢዎች ሳይተያዩ ያስገቡታል። ከተለያዩ አራሚው ዋናውን አይቶ ይወስናል።

ማመሳከሪያም አለን። በትር ይዞ የቆመ ሰው ወይ ነጥብ ያገባል፣ ወይ አውት ሆኖ ከሜዳ ይወጣል፣ ወይ ዙሩ ሲያልቅ ሜዳ ላይ ይቀራል። የሦስቱ ድምር ከቆሙት ብዛት ጋር እኩል መምጣት አለበት። በአንድ እንኳ ከተበላለጠ የሆነ ቦታ ተሳስተናል ማለት ነው።

በሦስተኛው ዓመት ጋሼ ታደሰ ጡረታ ወጡ፤ በእሳቸው ቦታ አራሚ ሆንኩ። በዚያው ሰሞን መዝጋቢዎቹ የተለያዩበት አንድ ወረቀት መጣልኝ። ከላይ፣ ጨዋታውን ከጀመሩት መሐል ሀርላን የሚል የቤተሰብ ስም አለ። ከታች፣ ተቀያሪዎቹ ጋም ሀርላን አለ። የቡድኑ ዝርዝር ላይ ዶን ሀርላን ብቻ ስለነበረ፣ የያኔው ጸሐፊ አንዱን ሰው ሁለቴ የጻፈው መሰለኝ። የታችኛውን ከላይኛው ጋር ደመርኩት። ድምሩ ገጠመ። ፋይሉን ዘጋሁት። ሁለት ደቂቃም አልፈጀብኝ።

ከአራት ዓመት በኋላ ሄለን የምትባል ሴት ቢሮ ኮል አደረገች።

"አባቴ ሬይ ሀርላን ይባላል፤ ዘጠና ዓመት አልፎታል" አለችኝ። "በወጣትነቴ አንድ ጨዋታ ላይ ገብቼ አንድ ጊዜ በትር ይዤ ቆሜያለሁ ይለናል። ልጄ እናንተ መዝገብ ላይ ፈልጎ አጣውና 'ፈጥረኸው ነው' አለው። ከዚያ ወዲህ አባቴ ስለ ቤዝቦል ትንፍሽ ብሎ አያውቅም።"

ቡድኑ ጨዋታው በተደረገበት በጋ ያስፈረመውን የአባቷን ውል ፎቶ ኢሜይል አደረገችልኝ። ከውሉ ቡድኑንና ዓመቱን አይቼ የጨዋታውን ወረቀት ስከፍት ከግርጌው፣ አራሚ ከሚለው ጎን፣ የእኔን ስም አየሁ። ያኔ ያላወቅኩትን አሁን አውቀዋለሁ፤ ጨዋታ ውስጥ ያለ ሰው ተቀያሪ ሆኖ ሊገባ አይችልም። የታችኛው ሀርላን ሌላ ሰው ነው። ክው አልኩ።

ኃላፊያችን ካረን ጋ ሄጄ ነገርኳት።

"የተዘጋ ፋይል የሚከፈተው የተሳሳተው ሰው ስህተቱን አምኖ ሲፈርም ነው" አለችኝ። "ከፈረምሽ ያረምሽው በሙሉ እንደገና ይመረመራል። እስኪያልቅ ወደ መዝጋቢነት ትመለሻለሽ። ለአንድ መስመር ብለሽ? ማን ያውቅብሻል?"

"ሰውየው ያውቃል" አልኳት።

ፈረምኩ። በማግስቱ ሥራቸውን ከማርምላቸው ልጆች መሐል ተቀመጥኩ። አንዷ "እትዬ ሙሉ፣ ምን ሆነው ነው እዚህ የመጡት?" አለችኝ።

"ሁለት ሰው አንድ አድርጌ" አልኳት።

ምርመራው አምስት ወር ፈጀ። ሌላም አንድ የእኔ ስህተት ተገኘ፤ እሱንም ፈረምኩበት።

የሬይ ሀርላን መስመር ግን በሳምንቱ ተስተካከለ። አትሜ ከክሊቭላንድ አቬኑ ገባ ብሎ ወዳለው የአረጋውያን መጦሪያ ወሰድኩላቸው። መንገዱን ሙሉ ስጨነቅ ነበር። መስመሩ ላይ ያለው አንድ ጊዜ ቆመ፣ ዜሮ ጊዜ ተሳካለት የሚል ነው። ለዘጠና ዓመት ሽማግሌ ዜሮ ይዤ መሄዴ አሳፈረኝ።

ሄለን መነጽራቸውን አደረገችላቸው። ጣታቸውን ስማቸው ላይ አድርገው ቁጥሮቹን አንድ በአንድ ተከተሉ። ዜሮው ላይ ሲደርሱ ቆሙ።

"ልክ ነው" አሉ። "አውት ሆኛለሁ። መታሁ ብዬ አላውቅም፤ ቆሜያለሁ ነው ያልኩት።"

ወረቀቱን ደረታቸው ላይ አስቀመጡና ወደ ሄለን ዞሩ። "ለልጅሽ ደውይለት።"

እዚያው ደወለችለት። ስልኩን ተቀብለው ስለዚያች አንድ ኳስ ማውራት ጀመሩ፤ ወርዋሪው ግራኝ እንደነበረ፣ በትሩን ዘግይተው እንደሰነዘሩ። ሄለን በር ድረስ ሸኘችኝ። ስወጣ ገና እያወሩ ነበር።

ምርመራው ሲያልቅ ወደ አራሚነት ተመለስኩ። አዲስ ለሚገቡ መዝጋቢዎች የምነግራቸው ይህን ነው፦ ድምሩ ቢገጥምም ስሙን ደግማችሁ እዩ።