ጀይላን ያስወጣው እግድ

ከሚሴ ፍርድ ቤት በር ላይ፣ ከሸራ ጥላ ሥር ቁጭ ብዬ ማመልከቻ ስጽፍ ሃያ ዓመት ሊሞላኝ ነው። ከሳሽ ሁሉ ተበዳዩ እኔ ነኝ ይላል፤ ለምጄዋለሁ። ጀይላን ግን የእውነት ተበድሎ ነበር። ዛሬም ስለ እሱ ሳስብ የሚያናድደኝ ይኸው ነው።

ጀይላን በያጅ ነው፤ የሚኖረው ከአስፋልቱ ዳር ካለች የቆርቆሮ ሱቁ ጀርባ ብቻውን ነው። በእኛ አገር ገበሬው ማሾ ይዘራል። በተለመደው የመውቂያ ማሽን ሲወቃ ብረቱ ፍሬውን ይሰነጥቀዋል፤ የተሰነጠቀውን ደግሞ ነጋዴ ዞሮም አያየው። ጀይላን ሦስት ዓመት ሙሉ ሲፈታና ሲበይድ ኖረና በብረቱ ፋንታ ካረጀ የመኪና ጎማ የተቆረጠ መምቻ ገጠመበት። ማሾው እንደ ጨሌ ድፍን ሆኖ ወጣ። ሚስቱ ዘሊካ ከዚያ በፊት ሞታ ስለነበር የሚያሳየው ሰው አጣ። ስለዚህ ሦስት ሱቅ አልፎ እንደ እሱ የሚበይደውን አብሮ አደጉን ኸይረዲንን ጠርቶ አሳየው።

ከዚያ አዲስ አበባ ተመላልሶ የፈጠራ ምስክር ወረቀቱን አወጣ። በዓመቱ ሰንበቴ ገበያ ላይ የገዛ መውቂያውን አረንጓዴ ቀለም ተቀብቶ አገኘው። የሠራው ኸይረዲን ነው።

«አንተ አንዱን ለመጨረስ አራት ወር ይፈጅብሃል፤ ገበሬው እስከዚያ ይጠብቅህ?» አለው ኸይረዲን፣ ምንም ሳያፍር።

ጀይላን በቀጥታ ወደ እኔ መጣ። መጀመሪያ በሽማግሌ ሞክረው ብዬ መከርኩት።

«ሽማግሌ የሚያስታርቀው የተጣላን ሰው ነው። እኔ መች ተጣላሁ? ተሰረቅሁ እንጂ!»

ጻፍኩለት። የምስክር ወረቀቱ ቅጂ ተያያዘ፤ ፍርድ ቤቱም ጉዳዩ እስኪወሰን ኸይረዲን መውቂያውን እንዳይሠራ፣ እንዳይሸጥ፣ እንዳያከራይ እግድ ሰጠ። ወሩ ኅዳር ነበር። ማሾ ከደረቀ ቀን አይሰጥም፤ ቆባው ፈንድቶ መሬት ላይ ይረግፋል። ጨፋ ሜዳ ላይ ለኸይረዲን መውቂያ ወረፋ የያዙ ገበሬዎች እጃቸውን አጣጥፈው ቀሩ።

በሦስተኛው ቀን ሼህ ሙሀመድኑር አራት ሽማግሌዎች አስከትለው፣ ለምለም ሣር ይዘው፣ እግዱን እንዲያነሣ ሊለምኑት ጀይላን ደጃፍ ቆሙ። በእኛ ዘንድ ሣር ይዞ የመጣን ሽማግሌ መጀመሪያ ሣሩን በሁለት እጅ ትቀበለዋለህ፤ ከዚያ በኋላ እስኪመሽ ብትከራከር ማንም አይቆጣህም። ጀይላንም በዚሁ ወግ ያደገ ነው። የዚያን ቀን ግን ራሱን የሞላው ወረቀት ብቻ ነበር።

«ቆዩ አባቶቼ፣ መጀመሪያ ይቺን እዩልኝ» ብሎ የምስክር ወረቀቱን ፍለጋ ወደ ውስጥ ገባ። ወረቀቷን ይዞ ሲወጣ ሣሩ የመበየጃው ጠረጴዛ ላይ ተቀምጧል፤ ሽማግሌዎቹ የሉም። እስከ አስፋልቱ ሮጠ። ዞር ያለለት አልነበረም።

«አልመለስኳቸውም እኮ! ላሳያቸው ብዬ ነው!» እያለ እኔ ዘንድ መጣ። ለእኔ ቢነግረኝ ምን ይጠቅመዋል?

ማንም ክፉ ቃል አልተናገረውም። ጠዋት ጠዋት «አካም ቡልቴ?» ብለው እንዴት እንዳደረ ይጠይቁታል፤ «አልሐምዱሊላህ» ይላል፤ ያልፋሉ። የሚቆም ግን የለም። ለዱአ የሚጠራው ጠፋ። ማረሻ የሚያስበይድ ቀረ። ገበሬው የእሱን መውቂያ ከሚከራይ ደቦ ጠርቶ ማሾውን በዱላ ቢወቃ መረጠ። አንድ ቀን ባልፍ፣ መውቂያው በባዶው እየተንጓጓ እሱ አጠገቡ ተቀምጧል።

«ምን ትወቃለህ?» አልኩት።

«ምንም። ሱቁ ዝም ሲል ይከብደኛል» አለኝ። መንገዴን ቀጠልኩ።

ኸይረዲን ለክሱ መልስ እንኳ አልሰጠም። ብቻውን የሮጠ የሚቀድመው የለምና ጀይላን ረታ። ኸይረዲን መውቂያውን ዳግም እንዳይሠራ ተከለከለ፤ በግቢው ያሉት ሁለት መውቂያዎችም እንዲታሸጉ ታዘዘ። ለማሸግ የመጣችው የአፈጻጸም ሠራተኛ ሰልማ ትባላለች። ሁለት ታዛቢ አምጣ አለችው። አንዱ እኔ ሆንኩ፤ ሁለተኛውን ፍለጋ ጀይላን መንደሩን ዞረ። ባለሱቁ ምሳ ሰዓት ነው አለ። ባለባጃጁ ተሳፋሪ አለኝ አለ። ዘይና፣ የዘሊካ የቅርብ ጓደኛ፣ «እንዲህ ባለው ነገር አታስገባኝ ወንድምዬ» ብላ በሩን ቀስ አድርጋ ዘጋችው። ከአንድ ሰዓት በኋላ ባዶ እጁን ተመለሰ።

ኸይረዲን ይህን ሁሉ ዱካው ላይ ተቀምጦ ሲያይ ቆየና ተነሣ።

«ሰው ጠፋበት እንዴ? ወዲህ በዪው እቴ፣ እኔ ልፈርምለት።»

«እርስዎ ተከሳሽ ነዎት፤ አይቻልም» አለች ሰልማ።

«እና ሰው ከሌለውስ ምን ይደረግ?»

እየቀለደ አልነበረም፤ አውቀዋለሁ። ጀይላን ፊቱን ወደ ግድግዳው አዞረ። ከስድብ ሁሉ ይህ ሳይብስበት አይቀርም።

ሰልማ ሰኞ ታዛቢህን ይዘህ ና ብላው ሄደች። ሰኞ አልሄደም፤ ከዚያም ወዲህ አልሄደም። መውቂያዎቹ አልታሸጉም። ኸይረዲን ግን የፈጠራው ባለቤት ሳይፈቅድ አልነካቸውም ብሎ በሸራ ሸፍኗቸዋል።

ባለፈው ሳምንት ጀይላን ከጥላዬ ሥር መጥቶ ተቀመጠ። ለኸይረዲን ልፍቀድለት፣ በነፃ ይሥራው አለኝ። ደስ ብሎኝ ወረቀት አወጣሁ።

«ወረቀት አይደለም» አለ እጄን ይዞ። «እርቅ በወረቀት አይላክም፤ ሰው ይላካል። ማንን ልላክ?»

ክሱን የጻፍኩት እኔ ለእርቅ አልላክም። ከሚሴ ሰው የሞላባት ከተማ ናት። አስቤ አስቤ አንድ ስም አጣሁለት።