አሥራ አንድ ሜትር

በዚያ ክለብ ውስጥ ከተጫዋቾቹም ከአሰልጣኙም ቀድሞ ሜዳውን የሚረግጠው መስመር አስማሪው ነበር። ጨዋታ ባለ ቀን ገና ጤዛው ሳይረግፍ ኖራውን በባልዲ በጥብጦ፣ በወንፊት አጥልሎ፣ በትንሿ ጋሪው ላይ ሞልቶ ይመጣል። ጋሪዋ ስትገፋ ኖራው በፊት ጎማዋ ላይ እየፈሰሰ መዳፍ የሚያህል ነጭ መስመር ትታ ታልፋለች። ሥራው ይኸው ነው። ከኖራ ጋር ብዙ ዓመት ስለኖረ የእጁ ቆዳ ነጥቶ ተሰነጣጥቋል፤ በዚህም ምክንያት ሰው ሁሉ "ጋሽ ኖራ" ይለዋል። እናቱ ያወጣችለትን ስም የሚያውቁት ሚስቱና ደመወዝ የሚፈርምበት ወረቀት ብቻ ናቸው።

ሰውዬው በመስመሩ ቀልድ አያውቅም። ኖራው ሳይደርቅ የረገጠበት ሰው ካለ፣ ሊቀመንበሩም ቢሆን፣ ከአፉ የሚወጣውን መስማት ነው። ዳኞች እየመጡ "እንዲህ የቀና መስመር የትም አላየንም" ሲሉት ፊቱን ወደ ሌላ ያዞራል፤ ፈገግታው እንዳይታይበት ነው። እውነትም መስመሩ ቀጥ ያለ ነበር። ችግሩ መስመሩ የነበረበት ቦታ ነው።

የሚለካው በገመድ ነበር። ሥራ በጀመረ ጊዜ አዲስ ገመድ ገዝቶ፣ ሠላሳ አራት ሜትር አስለክቶ፣ ጫፍና ጫፉን በቀይ ጨርቅ አስሮ ምልክት አደረገበት። ከጎሉ መካከል ተነስቶ ወደ ቀኝ አንድ ገመድ፣ ወደ ግራ አንድ ገመድ ከዘረጋ ሜዳው ስልሳ ስምንት ሜትር ሰፋ ማለት ነው። ገመድ ደግሞ ያረጃል። በተበጠሰ ቁጥር ጋሽ ኖራ የተተለተለውን ጫፍ ቆርጦ ይጥልና ጥብቅ አድርጎ ይቋጥረዋል። በአሥራ ስምንት ዓመት ውስጥ አሥራ አንድ ጊዜ ተበጥሶ አሥራ አንድ ጊዜ ተቋጠረ። ዝናብ የድሮውን መስመር ያጥበዋል፣ ሣር ይበቅልበታል፤ አዲሱ መስመር ትንሽ ገባ ብሎ ይሰመራል። በሜዳው ጎንና ጎን መቀመጫ የለም፤ ሰው ቆሞ ነው የሚያየው። መስመሩ ገባ ባለ ቁጥር ተመልካቹም አብሮት ገባ አለ፤ ለተጫዋቾቹ ስለቀረበም ደስ አለው እንጂ ምንም አላለም። እንግዳ ቡድኖች ተሸንፈው ሲወጡ "ሜዳችሁ ይጠባል" ይሉ ነበር። የሰፈሩ ሰው ታዲያ "ሲሸነፉ ሜዳው ይጠባቸዋል" እያለ ሆዱን ይዞ ይስቃል።

ክለቡ በሜዳው ያሸንፋል፤ ከሜዳው ሲወጣ ይሸነፋል። ዓመት መጣ ዓመት ሄደ፣ ነገሩ ይኸው ነው። በዚያ ዓመት ግን የሊቀመንበሩ ትዕግሥት አለቀ። ጡብ ፋብሪካ ያለው፣ ቁጭ ብሎ መናገር የማይሆንለት ሰው ነው። "እነዚህ ልጆች ለሰው ሜዳ ልብ የላቸውም። ከተጫዋቾቹ አሥራ አራቱን አሰናብተን አዲስ ስብስብ እንሥራ፤ ላይኛው ሊግ እንግባ" ይላል። የክለቡ ጸሐፊ ጡረታ የወጡ መምህርት ናቸው፤ እሳቸው ደግሞ "እኛ የሰፈር ክለብ ነን። ላይኛው ሊግ የሚባለውን ሕልም እንተወውና ልጆቹ በሰላም ይጫወቱ" ባይ ናቸው። ከሁለቱ ማንኛቸውም የሜዳውን ነገር አላነሱም። ማን ያነሳዋል?

ሊቀመንበሩ የሚሰናበቱትን ስም በወረቀት ጽፎ ኪሱ ይዞት ይዞር ነበር። ወረቀቱ ላይ የመጀመሪያው ስም የጋሽ ኖራ ታናሽ ወንድም ነው። ወላጆቻቸው ሲሞቱ ስድስት ዓመቱ ነበር፤ ያሳደገው፣ ደብተር የገዛለት፣ የመጀመሪያ ጫማውንም ያሰረለት ጋሽ ኖራ ነው። በሃያ ሁለት ዓመቱ የቀኝ መስመር አጥቂ ሆኖ ሲገባ ሰው "ባቡሩ" ብሎት ነበር። አሁን ሠላሳ ሁለት ዓመቱ ነው፤ ቀን ግንበኛ፣ ማታ ተጫዋች። ስሙም ወርዶ "ፉርጎው" ሆኗል። በራሱ አይሄድም፣ የሚጎትተው ይፈልጋል ለማለት ነው። እሱ ይስቅላቸዋል። ጋሽ ኖራ ግን በሰማ ቁጥር አንጀቱ ያርር ነበር።

ጋሽ ኖራ ከቡድኑ ጋር ተጉዞ አያውቅም። በዚያ ሰሞን ግን የትጥቅ ኃላፊው ወገቡን ታሞ ተኛና ማልያውን የሚሸከም ጠፋ፤ እሱን አሳፈሩት። የሰው ከተማ ደርሰው ተጫዋቾቹ ልብስ ሲቀይሩ እሱ ወደ ሜዳው ወጣ፤ ግንበኛ የሰው ግንብ ሳያይ እንደማያልፍ ሁሉ እሱም የሰው መስመር ሳያይ አያልፍም። ከአንዱ ጎን ወደ ሌላው በእርምጃ እየቆጠረ ተሻገረ። የእሱ ሜዳ ሰባ ስድስት እርምጃ ነው፤ ተኝቶም ያውቀዋል። እዚህ ሰባ ስድስት ብሎ ቀና ሲል መስመሩ ገና ከፊቱ ነው። ቆጠራ የተሳሳተ መስሎት ተመልሶ እንደገና ጀመረ። ዘጠና አንድ።

መካከል ላይ ቆሞ ዙሪያውን አየ። ሣሩ ወዲያና ወዲህ ተዘርግቶ አያልቅም። ኳስ ሜዳ ይህን ያህል ነው እንዴ? ዕድሜውን የፈጀበትን ነገር ገና ዛሬ ያየው መሰለውና እጁን አፉ ላይ ጫነ።

የዚያ ሜዳ አስማሪ የጎማ ቦት ጫማ ያደረገች ጎልማሳ ሴት ነበረች። እየተመላለሰ ሲለካ አይታው መጣች።

"ምነው ወንድሜ፣ የጠፋብህ ነገር አለ?"

"የለም። ሜዳችሁ ሰፋብኝ።"

"ስልሳ ስምንት ነው፤ እንደ ሌላው።"

"የእኛም ስልሳ ስምንት ነው።"

"ታዲያ ምኑ ገረመህ?" አለችና እጁን አየችው። የሙያ ባልደረባዋ መሆኑን ያወቀችው ያን ጊዜ ነው። "በምንድን ነው የምትለካው?"

"በገመድ።"

"ገመድ ይበጠሳል እኮ።"

"ሲበጠስ እቋጥረዋለሁ።"

ሴትዮዋ ብትስቅበት ተቆጥቶ ይገላገል ነበር። አልሳቀችም። በጥቅል የያዘችውን የመለኪያ ሜትር ጫፍ አውጥታ "እስቲ ይህን ያዝልኝ" አለችውና ወዲያኛው መስመር ድረስ እየዘረጋች ሄደች። ስልሳ ስምንት።

ጨዋታውን ያን ቀን በሌላ ዐይን አየው። ወንድሙ ኳስ ይዞ ወደ ውጭ ሰፊ ባዶ ቦታ እያለለት፣ ወደ ውስጥ፣ ሰው ወደ ተጨናነቀበት ይገባል። ኑሮውን በጠባብ ኮሪደር ያደረገ ሰው አዳራሽ ውስጥም ግድግዳ ታክኮ እንደሚሄደው ነው። አሥራ አራቱም እንደዚያው ናቸው። አራት ለባዶ ተሸነፉ። ሲመለሱ ሊቀመንበሩ አውቶቡሱ ውስጥ ብድግ ብሎ "ሐሙስ ስብሰባ አለ፤ ነገሩ ያኔ ይቆረጣል" አለ።

ቤቱ እንደገባ ገመዱን አውርዶ ግቢው ውስጥ ዘረጋው። ሚስቱ ልብስ ሰፊ ናት፤ አንገቷ ላይ የማይጠፋውን ሜትር አውርዳ እየተንበረከከች ለካችው። አንድ ሜትር ተኩሏን አሥራ ዘጠኝ ጊዜ አስኬደችና ገመዱ አለቀ።

"ሃያ ስምንት ተኩል" አለች። "ስንት መሆን ነበረበት?"

"ሠላሳ አራት።"

"በአንድ ጎን አምስት ተኩል። በሁለቱ…" በጣቷ ሳይሆን በከንፈሯ ቆጠረች። "አሥራ አንድ ሜትር በላህ ማለት ነው?"

"እኔ አልበላሁም። ቋጠሮው ነው።"

"ቋጣሪውስ ማን ነው?" አለችና ፊቱን ስታይ ቀልዱን ተወች። አጠገቡ ተቀመጠች። "ለማን ትናገራለህ? አዲስ ገመድ ግዛና በየሳምንቱ ግማሽ ግማሽ ሜትር አስፋው። ሲገባ ያላየ ሰው ሲወጣም አያይም።"

ክፉ ምክር አልነበረም። ስሙ አይነሳ፣ እንጀራው አይነካ፣ ሜዳውም ቀስ ብሎ ይድናል። ግን ስብሰባው ሐሙስ ነው፤ ዝም ካለ አሥራ አራት ሰው ልብ የላችሁም ተብሎ ይባረራል፣ የመጀመሪያው ወንድሙ ነው።

"ሐሙስ እናገራለሁ" አላት።

ሐሙስ ዕለት ስብሰባው የክለቡ ቢሮ ውስጥ ነበር፤ ኮሚቴው ጠረጴዛውን ከቦ፣ ተጫዋቾቹ ከኋላ ግድግዳውን ተደግፈው። ሊቀመንበሩ ወረቀቱን ሊያወጣ እጁን ኪሱ ሲከት ጋሽ ኖራ ገመዱን ትከሻው ላይ ጠምጥሞ ገባ። የሆነውን ሁሉ ተናገረ። ቋጠሮዎቹን አንድ በአንድ እያሳየ፣ ይህ በዚያ ዓመት፣ ይህ ዝናብ የበዛ ጊዜ እያለ ጨረሰ። "ልጆቹ አላጠፉም። እኔ ነኝ ሜዳውን ያጠበብኩባቸው" አለና አንገቱን ደፋ።

ሊቀመንበሩ መጀመሪያ ሳቀ፤ ቀልድ መስሎት ነው። ከዚያ "ተነሱ፣ ይለካ" አለ። ወጡ። ጋሽ ኖራ ከሚስቱ የተዋሰውን ሜትር ይዞ ከጎሉ መካከል ጀመረ፤ ኮሚቴው ተከተለው። ነጩ መስመር ላይ ደረሱ፣ አለፉት። አሁንም ሄዱ። ሠላሳ አራተኛው ሜትር ያረፈው ተመልካቹ ሲቆምበት ሣሩ ጠፍቶ የደረቀው መሬት ጀርባ ነበር። ሁሉም ወደ ኋላ ዞረው ነጩን መስመር አዩት። ሩቅ ነበር።

አስተማሪዋ ጸሐፊ ሣሩ ላይ ቁጭ አሉ። "በዚህ መተላለፊያ ውስጥ ሠልጥነው ነው?" አሉ ቀስ ብለው። "ባለፈው ዓመት ከሜዳ ውጭ ሦስት ጊዜ አሸንፈዋል እኮ። እንዴት ቻሉት?"

እዚህ ላይ ነው ነገሩ የተገለበጠው። ሁሉም ተጫዋቾቹን ዞረው አዩ፤ አዲስ ሰው እንደሚያዩ ነበር የሚያዩአቸው። ሊቀመንበሩ ጉሮሮውን ጠረገ። "ወረቀቱ አልተቀደደም። ግን እሑድ በሙሉ ሜዳ ይጫወቱና እንየው። አንተም" አለ ወደ ጋሽ ኖራ ዞሮ፣ "ሜትር ይገዛልህ። ገመድ የሚባል ነገር እጅህ ላይ እንዳላይ።"

ወንድሙ ግን ከሰው ተነጥሎ መጣ። ፊቱ ላይ ቁጣ አልነበረም፤ ቁጣ ቢሆን ይሻል ነበር።

"እኔ ስገባ ስንት ቋጠሮ ነበረው?"

"ሦስት።"

"ስምንቱን በእኔ ላይ ቋጠርካቸው ማለት ነው። አሥር ዓመት፣ ጋሼ" አለና ሄደ። ዓርብም ቅዳሜም ቤት ብቅ አላለም።

እሑድ ጠዋት ጋሽ ኖራ አዲሱን መስመር አሰመረ። ከሰዓት ሰዉ ሲመጣ ሁልጊዜ የሚቆምበት ቦታ ሜዳ ሆኖ ቆየው። "አሥራ ስምንት ዓመት የቆምኩበት ነው፣ ወዴት ልሂድ?" ያሉ ሽማግሌ ነበሩ። ጋሽ ኖራ ቀርቦ "አባቴ፣ የቆሙት ሜዳ ላይ ነው" አላቸው። ሽማግሌው እግራቸው ሥር ያለውን መሬት አዩ፤ ከዚያ ወደ ኋላ ሄዱ። አጠገባቸው ያለውም ሄደ። ያ ሁሉ ሕዝብ፣ አንድም ሳይቀር፣ ከግራም ከቀኝም እያፈገፈገ መሬቱን ለቀቀ። ሜዳው እያዩት ሰፋ።

ጨዋታው አንድ ለአንድ አለቀ። ሊቀመንበሩም ወረቀቱን አስተማሪዋ ፊት ቀደደው፤ ስብስቡ እንዲቆይ፣ የላይኛው ሊግም ነገር ልጆቹ ሜዳቸውን ሲለምዱ እንዲነሳ ተስማሙ። እሳቸውም ሕልሙ ይቅር ያሉትን አልደገሙትም። ይህን ሁሉ ለጋሽ ኖራ የነገሩት በማግሥቱ ነው። ስለዚያ ቀን ሲጠየቅ እሱ የሚያወራው ሌላ ነገር ነው።

ከዕረፍት በኋላ ነበር። ከመሐል የተላከች ኳስ በቀኝ በኩል ወጣች፤ ወንድሙ ተከተላት። የድሮው መስመር ይሰመርበት የነበረው ቦታ ሲደርስ ቀጥ ብሎ ቆመና የእጅ ውርወራ ነው ብሎ እጁን አነሳ። መስመር የለም፤ ኳሷ ደረቁ መሬት ላይ እየተንከባለለች ነው። ሰው ሳቀ። ጋሽ ኖራ በጨዋታ መካከል ድምፁን አሰምቶ የማያውቅ ሰው፣ ሮጦ አዲሱ መስመር ጠርዝ ድረስ መጣ።

"እለፍ!" አለው። "ሜዳ ነው! እለፍ፣ ያንተ ነው!"

ወንድሙ ቀና ብሎ አየው። ከሐሙስ ወዲህ ዐይን ለዐይን ሲተያዩ የመጀመሪያቸው ነው። ከዚያ ወደ ኳሷ ዞረና አለፈ። አንገቱን አቅንቶ፣ ደረቱን ገልጦ፣ እርምጃው ከእርምጃው እየረዘመ ጋሽ ኖራ አጠገብ እንደ ነፋስ አለፈ፤ ሁለት ተከላካዮች ተከትለውት ቀሩ። ጋሽ ኖራ ሌላውን የሚቆጣበትን ረስቶ መስመሩ ላይ ቆሞ ነበር። ይህን ልጅ ከስድስት ዓመቱ ጀምሮ ያሳደገው እሱ ነው፤ ሲያመው አድሮለታል፣ ሲርበው አብልቶታል፣ ልቡ ውስጥ ያለውን ሳይነግረው ያውቅለታል። እንዲህ እንደሚሮጥ ግን አያውቅም ነበር።